ኪክ መታሁ፣ ኮውቤል ተጻፈ፦ ለኖታ ሥራ የሚዲ ፓድ አመራረጥና አስተካከል

የመጀመሪያ ፓዴን፣ በጣት ሲመታ ምቱን ወደ ኮምፒውተር የሚልከውን ሰሌዳ፣ የሰካሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ግቢያችን ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። ቤት ውስጥ በሙቀቱ መቀመጥ አይቻልም። ሰሌዳው ላይ ታች በስተግራ ያለውን ፓድ መታሁት፣ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ይሆናል ብዬ። ላፕቶፑ ላይ ኮውቤል (የላም ደወል የሚመስለው) ተጻፈ። ሁለተኛውን መታሁ፤ ዝም። ሦስተኛውን መታሁ፤ ዝም። ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያየኛል። "አቦ፣ የተበላሸ ሸጡልህ እንዴ?" አለኝ።

የተበላሸ ነገር አልነበረም። ፓዱ የሚልከው ቁጥርና ሶፍትዌሩ የሚጠብቀው ቁጥር አልተገናኙም ነበር፤ በቃ ይኸው ነው። ይህን ለማወቅ ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው "የቱን ፓድ ልግዛ?" ብሎ ይጠይቀኛል። ቢት ለሚሠራ ሰው ጥሩ ጥያቄ ነው። ኖታ ለሚጽፍ ሰው ግን ከዕቃው ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ቁጥሮቹ የት ይስተካከላሉ? ፓዱ ውስጥ ወይስ ሶፍትዌሩ ውስጥ? ስለ ዕቃዎቹም አወራለሁ፣ ዋናው ጉዳዬ ግን እሱ ነው።

ፓዱ የሚልከው ድምፅ አይደለም

ፓድ ስትመቱ ወደ ኮምፒውተሩ ድምፅ አይሄድም። የሚሄደው ቁጥር ነው። አንዱ ቁጥር የተመታው የትኛው እንደሆነ ይናገራል፤ ከ0 እስከ 127 ባለው ውስጥ ነው። ሌላው ምን ያህል በኃይል እንደተመታ ይናገራል። ሌላው ደግሞ ቻናሉ ነው፣ መልእክቱ የሚሄድበት መስመር ቁጥር። ሚዲ፣ ማለትም የሙዚቃ ዕቃና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣ ጀምሮ ነገሩ እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ጄኔራል ሚዲ የሚባል ስምምነት መጣ። ለድራም ቻናል 10ን መደበ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃም ቁጥር ሰጠ። 36 ኪክ ነው። 38 ስኔር ነው። 42 የተዘጋ ሃይ-ሃት (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋ ጥንድ ሲምባል)፣ 46 የተከፈተ ሃይ-ሃት፣ 49 ክራሽ፣ 51 ራይድ፤ ሁለቱም ሲምባል ናቸው። የኔ ኮውቤል 56 ነበር። እነዚህን በቃል መያዝ አያስቸግርም፤ ኋላ ፓድ ስታስተካክሉ ደጋግማችሁ የምትጽፏቸው እነሱን ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ፕሮግራም ከቁጥር ይልቅ በፊደል ያሳያል። 36ን አንዱ ሲ1 ይለዋል፣ ሌላው ሲ2 ይለዋል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ኦክታቭ መቁጠር የሚጀምሩበት ቦታ ነው የሚለያየው። ስለዚህ ፊደሉን እርሱት፣ ቁጥሩን ብቻ እዩ።

ለመሆኑ ፓድ ያስፈልጋችኋል?

በወር አሥር ባር የድራም ኖታ የምትጽፉ ከሆነ አያስፈልጋችሁም። እውነቴን ነው። ሙዝስኮር በሚባለው ኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ላይ ድራሙን በመዳፊት መርጦ መጻፍ ይቻላል፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ የፊደል ቁልፍም አለው። ብሩን ለጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አውሉት።

ፓድ የሚጠቅመው በሳምንት ሁለት ሦስት ዘፈን ለሚገለብጥ ሰው ነው። ለሠርግ ባንድ የሚጽፍ፣ ለትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ የሚያዘጋጅ፣ ወይም የአካባቢውን ምት ለተማሪ በወረቀት ማሳየት የሚፈልግ። ድሬ ላይ ደግሞ በአንድ የሠርግ ምሽት ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪ ሁሉም ይዘፈናል። አዲስ ድራመር ሲመጣ ያን ሁሉ በአፍ "ዱም ታ ዱም" እያሉ ማስረዳት ያደክማል።

ዕቃዎቹ

እኔ የሞከርኳቸውንና ጓደኞቼ እጅ ያየኋቸውን ነው የምናገረው።

ባለ ፓድ ትንንሽ ኪቦርዶች አሉ። አካይ ኤምፒኬ ሚኒ ዋናው ምሳሌ ነው፤ 25 ቁልፍና 8 ፓድ አለው፣ ፓዶቹ በሁለት ባንክ 16 ይሆናሉ (ባንክ ሲቀየር ያው ፓድ ሌላ ቁጥር ይልካል)። አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው እኔ የምመክረው ይህን ዓይነቱን ነው። ዜማውን በቁልፎቹ፣ ድራሙን በፓዶቹ ትጽፋላችሁ። ፓዶቹ ትንሽ ጠበብ ይላሉ። ለኖታ ሥራ ግን ትልቅ ፓድ ለምን?

ቀጥሎ 16 ፓድ ያላቸው አሉ። አካይ ኤምፒዲ218 16 ወፋፍራም ፓዶች አሉት፤ በሦስት ባንክ 48 ይሆናሉ፣ 16 ፕሪሴትም (የተቀመጠ የቁጥር ቅንብር) በራሱ ውስጥ ይይዛል። ኮርግ ናኖፓድ2ም 16 ፓድ ነው፣ ቀጭንና ቀላል ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ደብተር ነው የሚመስለው። ድራም ብቻ የምትጽፉ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ይበቃችኋል። የአካይ ኤልፒዲ8 ደግሞ 8 ፓድ ብቻ ነው ያለው፣ አራት ፕሮግራም (እንደ ፕሪሴት ያለ ቅንብር) ይይዛል። ኪክ፣ ስኔር፣ ሁለት ሃይ-ሃት፣ ሁለት ሲምባል፣ ሁለት ቶም ብላችሁ ስትቆጥሩ 8 ሞላ። ለተለመደ ድራም ልክ ይሆናል፣ ለከበሮ ግን ቦታ አይተርፍም።

ከዚያ መብራት የሚያበሩት ባለ 64 ፓድ ሰሌዳዎች አሉ። ኖቬሽን ላንችፓድ ሚኒ በኃይል መምታትንና በቀስታ መምታትን አይለይም። ለቢት ሠሪ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ለኛ? ምንም ማለት አይደለም። ወረቀት ላይ ኃይል የሚጻፈው በፒያኖና በፎርቴ ምልክት ነው፣ ያንን ደግሞ እናንተው በእጃችሁ ነው የምታስቀምጡት። ስለዚህ "ፓዱ በጣም ስሜታዊ ነው" ተብሎ ዋጋ ሲጨመርባችሁ ለምን እንደምትከፍሉ አስቡ። ለኖታ ጸሐፊ የሚያስፈልገው ቀስ ብሎ ሲነካ የማይስት፣ አንዴ ሲመታ ሁለት ጊዜ የማይጽፍ ፓድ ነው።

በዱላ የሚመታው ኤሌክትሮኒክ ድራምስ? ካላችሁ ተጠቀሙበት፣ ለኖታ ብላችሁ ግን አትግዙ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። የሮላንድ ሞጁሎች (የኤሌክትሮኒክ ድራሙ አእምሮ የሆነው ሳጥን) የሃይ-ሃቱ ጠርዝ ሲመታ 22 እና 26 ነው የሚልኩት። የጄኔራል ሚዲ የድራም ሰንጠረዥ ደግሞ ከ35 እስከ 81 ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ቁጥሩን አያውቀውም። ሃይ-ሃቱ መሃሉ ላይ ሲመታ ይጻፋል፣ ጠርዙ ላይ ሲመታ ይጠፋል። ድራመሩ ኖታው ላይ የጎደለውን እያየ "እኔ መትቻለሁ" ይላል። እውነቱን ነው።

ስለ ገመድ አንድ ነገር። ኤምፒዲ218 የሚሰካው በፕሪንተር ገመድ ነው፤ መጋላም ሆነ ታይዋን ገበያ ብትሉ የማይጠፋ። ናኖፓድ2 ግን በድሮዋ ሚኒ ዩኤስቢ ነው። እሷን ለማግኘት እኔ አምስት ሱቅ ዞሬያለሁ። የምትገዙት ገመድ ዳታ የሚያሳልፍ መሆኑን አረጋግጡ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ከሆነ ፓዱ መብራት ያበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ገመዱ ስልክ ላይ የሚሰካ ዓይነት ከሆነ፣ ሱቁ ውስጥ ስልካችሁን ከላፕቶፕ አገናኝታችሁ ፎቶ ማየት ከቻላችሁ ደህና ነው።

ቁጥሩን የት እናስተካክለው?

ዋናው ምርጫ ይህ ነው። ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ፓዱን ማስተካከል ነው። አምራቹ የሚያወጣውን ኤዲተር ፕሮግራም ትጭናላችሁ፣ ፓድ አንድን 36፣ ፓድ ሁለትን 38 እያላችሁ ትሞላላችሁ፣ ወደ ፓዱ ትልኩታላችሁ፤ ፕሪሴቱ ፓዱ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩት ያው ቁጥር ነው የሚልከው።

ሁለተኛው ፓዱን እንዳለ ትቶ ሶፍትዌሩን ማስተካከል ነው። ሙዝስኮር ላይ የድራም ስብስቡን ትከፍታላችሁ። እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር፣ ስም፣ የኖታ ራስ ቅርጽ፣ የሚቀመጥበት መስመር፣ የዘንጉ አቅጣጫ አለው። ፓዱ የሚልከውን ቁጥር እያያችሁ እዚያ ታስገባላችሁ።

ሁለተኛው ቀላል ይመስላል። ተጨማሪ ፕሮግራም አይፈልግም። ኢንተርኔት ሲጠፋም ይሠራል። ግን ሁለት ችግር አለበት። ሙዝስኮር ላይ ያደረጋችሁት ለውጥ የሚሠራው ለዚያ ፋይል ብቻ ነው፤ ሌላ ፋይል ስትከፍቱ እንደገና መጫን አለባችሁ። ሌላው ይብሳል። ቁጥሩን ስትለውጡ መልሶ ሲጫወት የሚሰማው ድምፅም አብሮ ይለወጣል፣ ምክንያቱም ድምፅ የሚያወጣው ክፍልም ያንኑ ቁጥር ነው የሚያነበው። 56ን "ኪክ" ብላችሁ ብትሰይሙት ወረቀቱ ላይ ኪክ ቦታ ይቀመጣል፣ ስታጫውቱት ግን ኮውቤል ይጮኻል። በሠርግ ሳምንት ይህን አድርጌ ባንዱን ሁሉ አስቄያለሁ።

እኔ ፓዱን ማስተካከል ነው የምለው። ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እሱም የኛ አገር ኑሮ ነው። ኮምፒውተር ይዋሳል። ዛሬ በጓደኛ ላፕቶፕ፣ ነገ ሐረር ወጥቼ በዘመድ ዴስክቶፕ እሠራለሁ። ወደ ሐረር በደንገጎ ዳገት ሽቅብ ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ፓዱና ፍላሽ ብቻ ነው። የቁጥር ካርታዬ ፓዱ ውስጥ ካለ ሐረር ደርሼ ሰክቼ እጀምራለሁ። ሰው ኮምፒውተር ላይ ያለውን የሶፍትዌር ቅንብር መነካካትም ደስ አይልም፤ ባለቤቱ ኋላ "ምን አድርገህበት ነው?" ይላል።

አንድ ኮምፒውተር ብቻ ያላችሁ፣ ከቤት የማትወጡ ከሆነ ግን ሁለተኛውም አያስቸግርም። ሙዝስኮር የተስተካከለውን የድራም ስብስብ በፋይል ያስቀምጣል። ፍላሽ ላይ አንድ ቅጂ ይኑራችሁ።

ኤዲተሩን ከፍታችሁ ሳለ ሌላ ሁለት ነገር እዩ። እያንዳንዱ ፓድ "ሞሜንታሪ" ወይም "ቶግል" የሚል ምርጫ አለው። ሞሜንታሪ ይሁን። ቶግል ከሆነ የመጀመሪያው ምት ያበራል፣ ሁለተኛው ያጠፋል። ወረቀቱ ላይ ምን ይሆናል? አራት ስትመቱ ሁለት ይጻፋል። እኔ አንድ ሙሉ ምሽት ሶፍትዌሩን ስረግም አምሽቼ፣ ላፕቶፑን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አብርቼ፣ ጠዋት ላይ ነው ሁለተኛዋ ምት ብቻ እንደምትጠፋ ያስተዋልኩት። ሌላው ኖት ሪፒት ነው። ፓዱ ላይ ያለች ቁልፍ ናት፣ በስህተት ትነካላችሁ። ስትይዙት እንደ መትረየስ ይደጋግማል። ይጥፋ።

ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ሌላ የሙዚቃ ፕሮግራም ክፍት ከሆነ ፓዱን ይዞት ኖታ መጻፊያው ላያገኘው ይችላል። ኤዲተሩም እንዲሁ ያደርጋል። አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ዝጉት። ከዚያ ፓዱን ሰክታችሁ ኖታ መጻፊያውን ክፈቱ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን።

ሶፍትዌሮቹ

ፊናሌ የሚባለውን ኖታ መጻፊያ አሁን አትጀምሩ። አምራቹ ነሐሴ 2016 (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2024) ልማቱን እንደሚያቆም አስታውቋል። ያላችሁ ተጠቀሙበት፣ አዲስ ግን አይደለም።

ሙዝስኮር ነፃ ነው፤ በአቅማችን ሌላ ምክንያት አያስፈልግም። ከ4.5 ጀምሮ ደግሞ ከታች የሚወጣው የድራም ሰሌዳ ራሱ እንደ ፓድ ሆኗል፣ ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለውና ስክሪኑ ላይ ያለው ይመሳሰላሉ። ስልክ ላይ ያለው የሙዝስኮር መተግበሪያ ግን ለማየትና ለመስማት እንጂ ለመጻፍ አይደለም። ተማሪዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል።

ዶሪኮ እና ሲቤሊየስ አንድ የሚጋሩት ምርጫ አላቸው፣ እሱን ማወቅ አለባችሁ። ለድራም ሲጻፍ ሁለቱም ይጠይቃሉ፦ የመጣውን ቁጥር እንደ ድራም ካርታ (የትኛው ቁጥር የትኛው ዕቃ እንደሆነ በሚናገረው ሰንጠረዥ) ላንብበው ወይስ እንደ መስመር ላይ ቦታ? ፓድ ላለው ሰው መልሱ የድራም ካርታ ነው። የፒያኖ ቁልፍ ለሚጠቀም ሰው ግን "የመስመር ቦታ" ይሻላል፤ ስኔር የሚጻፍበትን መስመር ኖታ ሲጫን ስኔር ይጻፋል። ሁለቱም ነፃ የሆነ ስሪት አላቸው፣ ገደብ ግን አለበት። ፓዳችሁ ቁጥሩ ልክ ሆኖ የተሳሳተ ነገር የሚጽፍ ከሆነ መጀመሪያ ይህችን ምርጫ ተመልከቱ።

ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው የሚሄድ ሰውን የሚያሳብደው ሌላ ነገር ነው። የኖታ ርዝመት ቁልፍ። 4ን ስትጫኑ ሙዝስኮር ስምንተኛ ኖታ ይለዋል። ሲቤሊየስ (በስተቀኝ ያለው የቁጥር ሰሌዳ ላይ) ሩብ ይለዋል። ዶሪኮ አሥራ ስድስተኛ ይለዋል። ለሦስቱም ቁጥሩ አንድ ነው። ስለዚህ አንዱን ምረጡና ያዙት፤ ጣት የለመደውን ማስረሳት ከባድ ነው።

አንድ በአንድ ወይስ በቀጥታ?

በቀጥታ ማለት ሜትሮኖም (ፍጥነት ጠባቂውን ምት) ከፍቶ እየመቱ መቅዳት ነው። ሶፍትዌሩ ወደ ኖታ ይለውጠዋል። አንድ በአንድ ማለት ርዝመቱን መርጦ፣ ፓዱን መትቶ፣ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው።

ሰው ሁሉ በቀጥታው ይጓጓል። እኔም ጓጉቼ ነበር። ሐረር ጁገል ውስጥ ከበሮ የሚመቱ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ፓዱን ይዤላቸው ሄድኩ። በጣታቸው ሞከሩት፣ ለመዱት፣ ሁለት ደቂቃ የሚሆን መቱ። ሶፍትዌሩ ጻፈ። ከዚያ መልሼ አጫወትኩላቸው። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ይሄ ወታደር ነው። እኔ እንዲህ አልመታሁም" አሉኝ።

ትክክል ነበሩ። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ምት ወደ ቅርቡ ስምንተኛ ወይም አሥራ ስድስተኛ ይገፋዋል። ገፊውን ብታጠፉት ደግሞ ወረቀቱ በነጥብና በእረፍት ምልክት ይሞላል፣ ማንም አያነበውም። የሳቸው ምት ትንሽ ዘግየት የምትል ናት፤ ያቺ መዘግየት ናት ውበቱ። ለሷ በድምፅ መቅዳት ይሻላል። ስለዚህ እንደዚያ ያለ ነገር ሲገጥመኝ በስልክ እቀዳለሁ፣ ኋላ እየሰማሁ አጥንቱን አንድ በአንድ እጽፋለሁ፣ ከላይ "ዘግየት እያለ" ብዬ በቃል እጨምራለሁ።

በቀጥታ መጻፍ የሚያዋጣው ምቱ ቀላልና የተደጋገመ ሲሆን፣ እናንተም ከሜትሮኖም ጋር የማትጣሉ ከሆነ ነው። በ6/8 ስትቀዱ ሜትሮኖሙ በባር ሁለት ጊዜ ይምታ፣ ስድስት ጊዜ አይደለም። ስድስቱን ከተከተላችሁ እጃችሁ ይደርቃል።

አንድ በአንድ ስትጽፉ ቀኝ እጅ ፓዱ ላይ፣ ግራ እጅ የቁጥር ቁልፎቹ ላይ ይሁን። ሙዝስኮር ላይ አንድ ቀላል 6/8 እንጻፍ። ችክችካ እንደየመቺው ይለያያል፣ ይህ ለተማሪ መጀመሪያ የማሳየው ብቻ ነው፦ ወፍራሙ ድምፅ አንደኛውና አራተኛው ላይ፣ ቀጭኑ ሦስተኛውና ስድስተኛው ላይ። ኤን (N) የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ፣ መጻፊያው ይከፈታል። 5፣ ወፍራሙን ፓድ። 4፣ ቀጭኑን ፓድ። 5፣ ወፍራም። 4፣ ቀጭን። ባሩ ሞላ። ስምንተኛ ብቻ እየጻፋችሁ መሃል መሃሉን በ0 እረፍት ብትሞሉትም ሲጫወት ያው ነው። ግን ለሚያነብ ሰው የመጀመሪያው ይቀላል፤ ዓይን አራት ነገር ያያል እንጂ ስድስት አያይም። ከዚያ ባሩን መርጣችሁ አር (R) የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ፣ ይደገማል። ሠላሳ ሁለት ባር ለመጻፍ ፓዱን አራት ጊዜ ብቻ ነው የመታችሁት።

ኪክና ሃይ-ሃት አንድ ላይ ሲመጡ ብዙ ሰው ሁለቱን ፓድ በአንዴ ይመታል። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ለየብቻ ይጻፋል። ቢሠራም ሁለቱ በአንድ ዘንግ ይያያዛሉ። እኔ እጁን አስቀድሜ እጨርሳለሁ፦ ሃይ-ሃትና ስኔር፣ ዘንጉ ወደ ላይ፣ በመጀመሪያው ድምፅ (ሶፍትዌሩ ቮይስ 1 በሚለው)። ከዚያ ተመልሼ እግሩን በሁለተኛው ድምፅ (ቮይስ 2)፣ ዘንጉ ወደ ታች። ሁለት ጊዜ መሄድ ነው፣ ነገር ግን ለድራመር የሚነበበው እንዲህ ሲሆን ነው።

ለከበሮ፣ ለከራቡና ለካበል

ጄኔራል ሚዲ ውስጥ ከበሮ የለም። የሐረር ዚክሪ (መንፈሳዊ ዜማ) ላይ የሚመታው ከራቡ የሚባለው ከበሮም የለም፣ የሚጋጨው የእንጨት ካበልም የለም። ስለዚህ መበደር ነው።

እኔ ኮንጋ ከሚባሉት በእጅ የሚመቱ ድራሞች ተበድሬያለሁ። የከበሮው ሰፊ ፊት 64፣ ጠባቡ ፊት 63፣ በእጅ ታፍኖ የሚመታው 62። ድምፁ ከበሮ አይደለም፣ ግን ወፍራሙና ቀጭኑ ስለሚለዩ መልሶ ሲጫወት ምቱ ይገባል። ጭብጨባ የራሱ ቁጥር አለው፣ 39 ነው። ካበልን 76 ላይ፣ ከእንጨት ብሎኩ ጋር አድርጌዋለሁ። እንጨት ለእንጨት ይቀራረባል።

ወረቀቱ ላይ አምስት መስመር አታድርጉበት። አንድ መስመር በቂ ነው። ሰፊው ከመስመሩ ሥር፣ ጠባቡ ከመስመሩ በላይ፣ የታፈነው ራሱ ኤክስ ይሁን። አምስት መስመር ላይ ስጽፍ ተማሪዎቹ "ይሄ ዶ ነው ሶል?" ይሉኝ ነበር። አንድ መስመር ካደረግኩት ወዲህ የጠየቀኝ የለም።

እዚህ ላይ ነው 16 ፓድ ያለው ዕቃ የሚበልጠው። የታችኛውን ስምንት ለድራምስ፣ የላይኛውን ስምንት ለኛው ዕቃዎች አድርጌያለሁ፣ ሁለቱም በአንድ ፕሪሴት። ባለ 8 ፓድ ከሆነ ሁለት ፕሮግራም ሥሩ፣ አንዱ ድራምስ፣ አንዱ ከበሮ። ፕሮግራም መቀያየሩ ግን በሥራ መሃል ያስረሳል። ከበሮ ልጽፍ ብዬ ክራሽ የጻፍኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፓዶቹ ላይ ምልክት ለጥፉ። ከፋርማሲ የሚገዛው ነጭ ፕላስተር ይበቃል፤ በስክሪብቶ "ሰፊ"፣ "ጠባብ"፣ "ካበል" ብላችሁ ጻፉበት። ግን ፓዱ መሃል ላይ አትለጥፉት፣ ጠርዙ ላይ ይሁን። መሃል ላይ ከለጠፋችሁት በድሬ ሙቀት ሙጫው ይቀልጣል፣ ጣታችሁ ይጣበቃል፣ ፓዱም ሲለቀቅ እየዘገየ ሁለት ጊዜ ይጽፋል። የኔ የካበል ፓድ እስካሁን ድረስ እንደዚያ ያደርጋል። በአልኮል ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ አሁን ካበሉን አጠገቡ ወዳለው ፓድ አዛውሬዋለሁ።